«ባክአፕ አለኝ» ሲሉኝ አመንኩ

ኮምፒውተር መጠገን ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሰው ፋይል በእጄ የጠፋው አንዴ ነው። ሙያው ጎድሎኝ አልነበረም። ጉዱ የመጣው ሁለታችንም በደንብ እናውቃታለን ባልናት አንዲት ቃል በኩል ነው። ታሪኩን የምጽፈው ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው፤ ጠጋኝም ሁኑ አስጠጋኝ።

ላፕቶፑ የአንዲት መምህርት ነበር። በዕድሜ እናቴን ይሆናሉ። ማሽኑ ለመነሳት ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል፤ ከተነሳ በኋላም ስታክ ያደርጋል። ሳየው ዊንዶውሱ ተበላሽቷል።

«ሁሉንም ጠርጌ እንደ አዲስ ልጫንበት። ግን ውስጡ ያለው ይጠፋል። ባክአፕ አለዎት?» አልኳቸው።

«አለ እንጂ! ልጄ አድርጎልኛል።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። አንድም አልቀረ።»

ከዚህ በላይ ምን ልጠይቅ? ፓርቲሽኖቹን፣ ማለት የዲስኩን ክፍልፋዮች፣ በሙሉ አጠፋሁ፣ ዊንዶውሱን ጫንኩ፣ ማታ ላይ አስረከብኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ጠራ።

«ልጄ፣ ዲ የሚባለው የት ሄደ?»

ክው አልኩ።

ልጃቸው ያደረገው እንዲህ ነው። ዴስክቶፕ ላይ የነበረውን ሁሉ ኮፒ አድርጎ ዲ ላይ «ባክአፕ» የሚል ፎልደር ውስጥ አስቀምጧል። ሲ እና ዲ ስክሪኑ ላይ ለየብቻ ስለሚታዩ ሁለት ዕቃ ይመስላሉ። በእሳቸው ላፕቶፕ ግን ሁለቱም አንድ ሃርድ ዲስክ ነበሩ። አንድ ክፍል በመጋረጃ ለሁለት እንደመክፈል ነው። ቤቱ ሲቃጠል መጋረጃው ማንንም አያድንም። ቤቱን ያቃጠልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

እሳቸው አልዋሹኝም። ልጃቸውም አልዋሸም፤ ኮፒ አድርጓል፣ ለፎልደሩም ስም ሰጥቶታል። እኔም መጠየቅ ያለብኝን ጠይቄያለሁ። ሦስታችንም አንድ ቃል ይዘን ሦስት የተለያየ ነገር ነበር የምናየው። የማላውቀውን ቃል ቢናገሩ ኖሮ «ማለት?» ብዬ አፋጥጣቸው ነበር። ባክአፕ ግን የሚታወቅ ቃል ነው። ስለዚህ አልጠየቅኩም።

ላፕቶፑን ወዲያው እንዲያጠፉትና እንዳይነኩት ነግሬ ሮጬ ሄድኩ። ዕድል ሆኖ ዲስኩ የድሮው፣ የሚሽከረከረው ዓይነት ነው። እንዲህ ያለ ዲስክ ላይ ፓርቲሽን ስናጠፋ የሚጠፋው ማውጫው ነው። ፋይሉ ራሱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ቦታው ላይ ይተኛል። ኤስኤስዲ፣ ማለት የማይሽከረከረው አዲሱ ዓይነት፣ ቢሆን ኖሮ የተለቀቀውን ቦታ ራሱ ቶሎ ስለሚያጸዳው ተስፋዬ በጣም ይመነምን ነበር። ዲስኩን ፈትቼ ሌላ ማሽን ላይ ሰካሁት። ሪከቨሪ ሶፍትዌሩ ሁለት ሌሊት ሲያስስ አደረ።

አብዛኛው ተገኘ። ግን ስም የለውም። ፋይል 412፣ ፋይል 413፣ ፋይል 414፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። የስንት ዓመት የማስተማሪያ ማስታወሻ ስሙ ተገፎ አንድ ላይ ተከምሯል። ትልልቆቹ የድምፅ ቅጂዎች ደግሞ ዲስኩ ላይ ተበታትነው ተቀምጠው ስለነበር ግማሾቹ እየተቆራረጡ ወጡ። መምህርቷ እየከፈቱ፣ እያነበቡ፣ እንደገና ስም እያወጡ ወራት ፈጀባቸው። ገንዘባቸውን መለስኩ። እሳቸው አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ባክአፕ ምን ነበር? ዋናው ሲጠፋ አብሮ የማይጠፋ ሌላ ቅጂ ነው። ኮፒ ሁሉ ባክአፕ አይደለም። ባለሙያዎች «3-2-1» የሚሉት ደንብ አላቸው፤ ፎቶ አንሺው ፒተር ክሮግ ነው ያስተዋወቀው። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። ይህን ለደንበኛ መስበክ ግን አላዋጣኝም። ሰው ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል።

አሁን «ባክአፕ አለዎት?» የሚለውን ጥያቄ ጨርሶ ትቼዋለሁ። በምትኩ ይህን እጠይቃለሁ፦ «ይህ ላፕቶፕ ዛሬ ማታ ቢሰረቅ ነገ ጠዋት ፋይሎቹን ከየት ያወጧቸዋል?»

የዚህች ጥያቄ ጉልበት ይገርማል። ቀልጠፍ ብሎ «አለኝ» ያለኝ ሰው ድንገት ፀጥ ይላል። «እ... እዚሁ ላይ ነው ያለው» የሚል አለ። «ክላውድ ላይ» የሚልም አለ። ያኔ «በስልክዎ ገብተው አንዱን ይክፈቱልኝ» እላለሁ። ፋይሉ ተከፍቶ በዓይኔ ካላየሁ አልነካም። አይቼም እንኳ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ለራሴ አስቀርቼ ነው የምጠርገው። ጊዜ ይፈጃል፣ ይሰለቻል፣ ግን ማታ እተኛለሁ።

ክላውድ ካልኩ አይቀር፣ የመጣብኝ ሁለተኛው ጣጣ ከዚያ ነው። አንዲት ጓደኛዬ ስልኳ ሞላ። ፎቶዎቿ «ባክአፕ ተደርገዋል» ይላል። ታዲያ ክላውድ ላይ ካሉ ስልኩ ላይ ምን ይሠራሉ ብላ ሁለት ዓመት ሙሉ ያነሳችውን ከስልኳ አጠፋች። በሳምንቱ ክላውዱን ስትከፍት እዚያም የሉም። ይሄ ሲንክ ነው። ሲንክ ማለት ሁለቱን ቦታ አንድ ዓይነት ማድረግ ነው፤ እዚህ ስትጨምሩ እዚያ ይጨምራል፣ እዚህ ስታጠፉ እዚያም ይጠፋል። ታማኝ ነው፤ ስህተታችሁንም ሳይቀር በታማኝነት ይገለብጣል።

እሷ ቶሎ ስለነቃች ተረፈች። ጉግል ፎቶስ ላይ ባክአፕ የተደረገ ፎቶ ሲጠፋ ትራሽ ውስጥ 60 ቀን ይቆያል። አይክላውድ ፎቶስ ላይ ደግሞ «በቅርቡ የጠፉ» በሚለው አልበም 30 ቀን ገደማ። ከዚያ ወዲያ ማልቀስ ብቻ ነው። ስልክ ላይ ቦታ ማስለቀቅ ብቻ ከፈለጋችሁ ጉግል ፎቶስ ላይ «ቦታ አስለቅቅ» የሚል የተለየ ምርጫ አለ፤ በእጅ እየመረጡ ማጥፋት እሱ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ቃል አበላሸ ተብሎ ሁልጊዜ የሚወቀሰው ተራው ተጠቃሚ ነው። የጓደኛዬ ስልክ ላይ «ባክአፕ» ብሎ የጻፈው ማነው? ሲንክ የሚሠራውን ቁልፍ ባክአፕ ብሎ የሚሸጠውስ? ሰውየው የተጻፈለትን አነበበ፣ አመነ። እኔ ብሆንም አምናለሁ።

ከመምህርቷ ነገር በኋላ ግን ይህ አልገባኝም ነበር። እንዲያውም መጥፎ አመል ያዘኝ። ቃል ማረም።

«ዋይፋይ የለም» ሲሉኝ፣ «ዋይፋይማ አለ፤ የሌለው ኢንተርኔት ነው» እላለሁ። «ሲፒዩው ጠረጴዛው ሥር ነው» ሲሉኝ፣ «እሱ ሲፒዩ አይደለም፣ ኬዝ ነው፤ ሲፒዩ ማለት ውስጡ ያለች መዳፍ የማትሞላ ቺፕ ናት»። ትክክል ነበርኩ፤ ግን የሚያስጠላ ዓይነት ትክክል። የታረመ ሰው ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ ዝም ይላል። ዝም ያለ ደንበኛ ምን እንደነካ፣ ምን እንደጫነ፣ የትኛውን ሊንክ እንደከፈተ አይነግራችሁም። «ምንም አልነካሁም» ብቻ ነው መልሱ። ያኔ ጥገናው ጭለማ ውስጥ እንደመዳበስ ይሆናል።

ደግሞስ በዚህ ትግል ማን አሸንፎ ያውቃል? ሃከር የሚለውን ውሰዱ። ቃሉን ከኮምፒውተር ጋር ያጋቡት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻና በ60ዎቹ ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የነበሩ፣ የአሻንጉሊት ባቡር ክለብ ተማሪዎች ናቸው። ለእነሱ ሃከር ማለት ማሽኑን ፈታትቶ፣ ብልሃት ፈልጎ፣ ያልታሰበውን የሚያሠራ ሰው ነው። ሙገሳ ነበር። በ1980ዎቹ ሚዲያው ለሰርጎ ገቦች ሰጠው። ባለሙያዎቹ ተናደው ለሌባው «ክራከር» የሚል ስም አወጡ። ክራከር ሲባል የሰማ አለ? እኔ ከባለሙያ ውጭ ካለ ሰው አንድ ቀን አልሰማሁም።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ያበላሹት ነው። በየጊዜው ይህ አቤቱታ ይመጣብኛል፦ «500 ጊጋ ብዬ ገዝቼ 465 ነው የሚለው፤ ተሸወድኩ!» አልተሸወዱም። ዲስክ አምራቾች ጊጋ ሲሉ ድፍን አንድ ቢሊዮን ባይት ማለታቸው ነው። ዊንዶውስ ግን በ1,024 እያባዛ ስለሚቆጥር ለእሱ አንድ ጊጋ 1,073,741,824 ባይት ነው። 500 ቢሊዮንን በዚህ ብታካፍሉት 465 ከምናምን ይወጣል። ምንም የጎደለ ነገር የለም፤ አንዱን ርዝመት በሁለት ክንድ መለካት ነው። ኪሎ ከጥንቱ 1,000 ነበር። 1,024ን «ያው ይቀርባል» ብሎ ኪሎ ማለት የጀመረው የኛው ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ግራ መጋባቱን ለመፍታት ለ1,024ቱ አቆጣጠር ኪቢባይት፣ ሜቢባይት፣ ጊቢባይት የሚሉ ስሞች አወጣ። ዊንዶውስ ዛሬም በጊቢባይት ቆጥሮ ጊጋባይት ብሎ ይጽፋል። ታዲያ እኔ በምን አፌ ነው ሰው የማርመው?

የማረም አመሌን ያስተወችኝ ግን እናቴ ናት፤ በኮምፒውተርም አይደለም።

እናቴ ደም ብዛት አለባት። ለምርመራ ስትሄድ ደም ማነስም ተገኘባትና አይረን ያለበት ክኒን ታዘዘላት። ቤት ስትመጣ ክኒኑን አልነካ አለች። «ደም በዝቶብሻል እያሉ ደም የሚጨምር ክኒን ይሰጡኛል። ሊገሉኝ ነው እንዴ?»

እውነቱን ልናገር፣ ለአፍታ እኔም ልክ ናት አልኩ። ቃሉ እኮ እንደዚያ ነው የሚለው። ብዛትና ማነስ። አንድ ሰው ሁለቱም በአንድ ጊዜ እንዴት ይኖሩበታል? ተመልሰን ሄድንና ነርሷን ጠየቅናት። እኔ ብሆን «ደም ብዛት አይባልም፣ የደም ግፊት ነው የሚባለው» ብዬ እጀምር ነበር። እሷ እንደዚያ አላለችም።

«እማዬ፣ ውኃ በጎማ ሲሄድ አይተሽ የለ? አንዳንዴ በጣም ይገፋል፣ ጎማው ይወጠራል። ያንቺ ደም ብዛት እሱ ነው፤ አገፋፉ ነው የበዛው። ሌላው ደግሞ ውኃው ምን ይዟል የሚለው ነው። ደምሽ ኦክስጅን የሚሸከምበት ነገር አንሶታል። ክኒኑ ለእሱ ነው። አንዱ ከሌላው ጋር አይጣላም።»

እናቴ እዚያው ውኃ ጠይቃ ዋጠችው። ዛሬም ደም ብዛት ነው የምትለው። ክኒኑን ግን አላቋረጠችም። ነርሷ ስንወጣ እየሳቀች «ሳይነስ አለብኝ እያለ የሚመጣውን ብታይ! ሳይነስ እኮ ፊታችን አጥንት ውስጥ ያለ ክፍት ቦታ ነው፤ የሌለው ሰው አለ እንዴ?» አለችኝ። ታዲያ ምን ትያቸዋለሽ ብላት፣ «የት ጋ ነው የሚያምሽ ነው የምላቸው» አለች።

የት ጋ ነው የሚያምሽ። እኔ ይቺን ይዤ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ለምሳሌ «ቫይረስ ገባበት» የሚለውን። ማሽን ዘገየ፣ ቫይረስ። ስክሪን ጠቆረ፣ ቫይረስ። ቫይረስ ትክክለኛ ትርጉም የነበረው ቃል ነው። ፍሬድ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1984 ባቀረበው ጥናት ሌሎች ፕሮግራሞችን እየለወጠ የራሱን ቅጂ የሚያስገባባቸው ፕሮግራም ነው ብሎ ፈታው። ማረፊያ ይፈልጋል፤ ስሙም ለዚያ ነው የተስማማው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1988 ኢንተርኔትን ያንበረከከው፣ ሮበርት ሞሪስ የተባለ ተማሪ የጻፈው ፕሮግራም ደግሞ ወርም ነው፤ ማንም ላይ ሳይለጠፍ ራሱን ችሎ ከማሽን ወደ ማሽን ይሄዳል። ደግ ነገር መስሎ በገዛ እጃችን የምናስገባው ትሮጃን አለ። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌር አለ። ሕዝቡ ሁሉንም ቫይረስ ይላል፤ ይበል።

ጉዳት የሚመጣው ቃሉ መድኃኒቱን ሲመርጥ ነው። አንድ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። «ቫይረስ ነው፣ ሦስት አንቲቫይረስ ጭኜበት እንኳን አልወጣም።» ሦስት! ማሽኑ መንቀሳቀስ ያቃተው ሦስቱ አንቲቫይረስ እርስ በርስ ሲተራመሱ ነው። «መጀመሪያ ያየኸው ምንድን ነው?» አልኩት። ጥግ ላይ «ኮምፒውተርህ አደጋ ላይ ነው» የሚል ሳጥን በየደቂቃው ብቅ ይላል። ነገሩ ቫይረስ አይደለም። አንድ ድረ ገጽ ኖቲፊኬሽን ልላክልህ ወይ ሲለው ሳያነብ «ፍቀድ» ብሏል። ብሮውዘሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የዚያን ገጽ ፈቃድ ነሳሁት፣ ሁለቱን አንቲቫይረስ አወጣሁ፣ አለቀ። እንዲህ ያለ ሳጥን ካያችሁ መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ፤ ሳጥኑን ራሱን ግን አትንኩት።

«ሚሞሪ ሞላ» የሚለው ሌላ ነው። ሚሞሪ በአንድ ሰው አፍ ራም (ማሽኑ እየሠራ ሳለ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ቦታ) ነው፣ በሌላው የስልክ ማከማቻ፣ በሦስተኛው ያቺ ጥፍር የምታህል ካርድ። አንዱ «ሚሞሪ አንሶኛል» ብሎ ራም ገዝቶ መጣና ጨመርኩለት፤ ፊልም ማስቀመጫ ነበር የፈለገው። አሁን የምጠይቀው «ሞላ ያለህ ምን ልታደርግ ስትል ነው?» ብዬ ነው። ፋይል ላስቀምጥ ስል ካለ ማከማቻው ነው። ብዙ ነገር ስከፍት ይንቀራፈፋል ካለ ራሙን አያለሁ።

ዋይፋይ ላይም ያው ነው። ምልክቱ ሞልቶ ገጽ የማይከፍት ከሆነ ስልኩና ራውተሩ ተግባብተዋል፤ ብዙ ጊዜ የተቋረጠው ከራውተሩ ወዲያ ያለው መስመር ነው። ሌላ ስልክም ላይ እንደዚያው ከሆነ ስልካችሁን መጎርጎር ተዉ። በነገራችን ላይ ዋይፋይ የምንም ምሕጻረ ቃል አይደለም። ለገበያ ስም እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ1999 በስም አውጪ ድርጅት የተፈጠረ ቃል ነው። ብዙ ባለሙያ ግን ሙሉ ስም አለው ብሎ ሲከራከር ሰምቻለሁ። እኔም ተከራክሬ አውቃለሁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ትክክለኛ ቃል አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ስነጋገር ሲንክን ባክአፕ ቢለኝ አስቆመዋለሁ። ደንበኛ የሚፈርምበት ወረቀት ላይ ግን ባክአፕ የሚባል ቃል የለም። «በዚህ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ሲ ላይም ዲ ላይም፣ ዴስክቶፕ ላይ ያለውም ይጠፋል። የሚፈልጉት ፋይል አሁን ያለው ... ላይ ነው» ይላል። ነጥቦቹ ላይ ደንበኛው በእጁ ይጽፋል። «እዚሁ ላፕቶፕ ላይ» ብለው የጻፉ አሉ። ጽፈው ሳይጨርሱ ቀና ብለው ያዩኛል።

መምህርቷ ባለፈው ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ያን ትልቁን ፍላሽ ገዛሁት። ሁሉንም ገለበጥኩበት።»

ፍላሽ ያሉት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው። አፌ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት።

«ፍላሹ አሁን የት ነው ያለው?»

«እህቴ ቤት። በየወሩ እየሄድኩ አዲሱን እጨምርበታለሁ።»

«አንዱን ፋይል ከፍተው አዩት?»

«አሥሩን ከፈትኩ እንጂ! አንተን ካወቅኩ ወዲህ ማንን አምናለሁ?»